የድረ ገጻችሁን ዶሜይን ስትቀይሩ ከጉግል እንዳትጠፉ፦ ከዝግጅቱ እስከ ክትትሉ

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሱቄ ከጉግል ላይ ጠፋ እኮ! አሜሪካ ያሉት ልጆች ‹የሙሽራ ቀሚስ› ብለው ሲፈልጉ ድሮ የምመጣው እኔ ነበርኩ። አሁን የለሁም።» ድረ ገጻቸውን ከፈትኩት፤ ይሠራል። ፎቶዎቹም ዋጋዎቹም በቦታቸው አሉ። የሱቁ ስም በመቀየሩ ዶሜይኑም (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) አብሮ ተቀይሯል፣ ሌላ የተነካ ነገር የለም። ሥራውን የሠራው ባለሙያ በድሮው አድራሻ የሚመጣውን ሰው በሙሉ ወደ አዲሱ ፊት ገጽ እንዲሄድ አድርጎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ከዓመታት በፊት ፌስቡክ ላይ የለጠፉትን አንድ ሊንክ ስጫነው አረንጓዴ ጥልፍ ያለው የሙሽራ ቀሚስ መምጣት ሲገባው የሱቁ መግቢያ መጣ። የጠፉት እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዶሜይን ሊቀይር ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ የምነግረውን ነው እዚህ የምጽፈው። በቅደም ተከተል ከሠራችሁት የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። በተለይ ኑሯቸው በድረ ገጹ ላይ ለተመሠረተ ሰዎች ግን በግማሽ ቀን ተጣድፎ የሚያልቅ ሥራም አይደለም።

ደረጃው የተመዘገበው በማን ስም ነው?

ጉግል እያንዳንዱን ገጽ የሚመዘግበው ከነሙሉ አድራሻው ነው። አንድ ቀሚስ የሚታይበት ገጽ ሌሎች ድረ ገጾች ስለጠቀሱት፣ ጉግልም በየጊዜው እየመጣ ስላነበበው ያካበተው ሁሉ የተያዘው በዚያ አድራሻ ስም ነው። ዶሜይኑ ሲቀየር የሁሉም ገጽ አድራሻ በአንድ ቀን ይቀየራል። የድሮው ገጽ ወደ የትኛው አዲስ ገጽ እንደሄደ የሚነግረው ከሌለ ጉግል አዲሶቹን ገጾች ታሪክ የሌላቸው እንግዶች አድርጎ ነው የሚቀበላቸው።

ይህን የሚነግረው 301 የሚባለው ሪዳይሬክት ነው። ሰርቨሩ «ይህ ገጽ ለዘለቄታው ወደዚህ አድራሻ ተዛውሯል» ብሎ የሚሰጠው መልስ ነው። 302 ደግሞ «ለጊዜው» ማለት ነው፤ ስለዚህ ጉግል የድሮውን አድራሻ መያዙን ሊቀጥል ይችላል። ድሮ በ301 ሲያልፉ ከደረጃው ትንሽ ይሸረፋል የሚባል ነገር ነበር። የጉግሉ ጌሪ ኢሊየስ ግን በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያሉ ሪዳይሬክቶች ፔጅራንክን፣ ማለትም ገጹ ከሚጠቅሱት ሊንኮች የሚያገኘውን ክብደት፣ እንደማያስቀንሱ በይፋ ተናግሯል። በሽግግሩ ሳምንታት ደረጃው ከፍ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በዘላቂነት የሚጠፋ ነገር ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የአሠራር ስህተት ነው።

በመጀመሪያ፦ መቀየሩ የግድ ነው?

የድርጅቱ ስም ከተቀየረ፣ የስም ባለቤትነት ክርክር ከተነሳ፣ ወይም በነጻ ከሚሰጥ ንዑስ አድራሻ ወደ ራሳችሁ ዶሜይን የምትወጡ ከሆነ ቀይሩ። «የምሸጠው ዕቃ ስም ዶሜይኑ ውስጥ ቢገባ ደረጃዬ ይጨምራል» ብላችሁ ከሆነ ግን ተዉት። ጉግል በመስከረም 2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባደረገው ማሻሻያ የፈላጊውን ቃል እንዳለ ስማቸው ያደረጉ፣ ይዘታቸው ግን ደካማ የሆነ ድረ ገጾችን ዝቅ አድርጓል።

ሌላው የሚታሰብበት ነገር የአገር መለያ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረው ነጥብ ኢቲ ለጉግል «ይህ ድረ ገጽ በዋናነት ለኢትዮጵያ ነው» የሚል ምልክት ነው። ደንበኞቻችሁ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ከሆኑ ይጠቅማችኋል። ገዢዎቻችሁ ቨርጂኒያ፣ ዱባይና ቴል አቪቭ ከሆኑ ግን ነጥብ ኮም ይሻላል። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ ገጥሞት ነበር፤ ከብሪታንያ ውጭ ያለው አንባቢ እየበዛ ሲመጣ በሐምሌ 2013 ማብቂያ የብሪታንያን መለያ ትቶ ወደ ነጥብ ኮም ተሻግሯል።

አዲሱን ዶሜይን ከመግዛታችሁ በፊት ያለፈ ታሪኩን አጣሩ። የድረ ገጾችን የቀድሞ መልክ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ስሙን ብታስገቡ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ያሳያችኋል። የቁማር ወይም የማጭበርበሪያ ድረ ገጽ ከነበረ ሌላ ስም ፈልጉ። ከገዛችሁ በኋላም ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ) ውስጥ አስገብታችሁ በቀድሞው ባለቤት ጥፋት የተጣለ ቅጣት እንዳለ እዩ።

እኛ አገር ደጋግሜ የማየው አንድ ችግር አለ፤ ዶሜይኑ በባለንብረቱ ሳይሆን በሠሪው ስምና ኢሜይል ይመዘገባል። ከሠሪው ጋር መለያየት ሲመጣ የዓመታት ሀብት በሌላ ሰው እጅ ይቀራል። ስለዚህ ምዝገባው በእናንተ ስም፣ ኢሜይሉም የራሳችሁ ይሁን። የዶላር ካርድ ለማግኘት የምትቸገሩ ከሆነ ደግሞ ካርዱን ባገኛችሁበት ቀን የብዙ ዓመት ክፍያ ፈጽሙ። ነጥብ ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ በአንድ ጊዜ ይከፈላል።

ሁለተኛ፦ የገጾቹን ዝርዝር አውጡ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ኤክሴል ክፈቱና ሁለት ዓምድ አዘጋጁ፤ በግራ የድሮው አድራሻ፣ በቀኝ አዲሱ። የግራውን ዓምድ ለመሙላት አንድ ምንጭ አይበቃም። ሳይትማፑ (የድረ ገጹ ገጾች የተዘረዘሩበት ፋይል) ዛሬ ያሉትን ገጾች ብቻ ይሰጣችኋል። ሰርች ኮንሶል ደግሞ ባለፉት 16 ወራት ከፍለጋ ሰው የመጣባቸውን ያሳያል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አውርዱ ስትሉት ከ1,000 መስመር በላይ ስለማይሰጥ ትልቅ ድረ ገጽ ካላችሁ በየክፍሉ እያጣራችሁ አውርዱ። እዚያው ሰርች ኮንሶል ውስጥ ሌሎች ድረ ገጾች የጠቀሷቸውን ገጾች የሚያሳይ የሊንክ ዝርዝር አለ፤ እሱንም ጨምሩ። የሰርቨሩን ሎግ (የጎብኚዎች ጥያቄ የሚመዘገብበትን ፋይል) ማግኘት ከቻላችሁ ማንም የማያስታውሳቸው የድሮ ገጾች ከዚያ ይወጣሉ።

ፎቶዎቹን አትርሱ። የልብስ፣ የምግብ ወይም የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ ከጉግል የፎቶ ፍለጋ ብዙ ሰው ያገኛል። ጉግል ፎቶዎችን ተመልሶ የሚጎበኘው ከገጾች ባነሰ ድግግሞሽ ነው፤ ስለዚህ የፎቶ አድራሻ ያለ ሪዳይሬክት ከተቀየረ የሚመለሰው በጣም ዘግይቶ ነው። የፎቶ ፋይሎቹን ስም ሳትነኩ እንዳሉ አዛውሩ።

የአማርኛ አድራሻ ያላችሁ ደግሞ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። ገጹ በርዕሱ ፊደል የተሰየመ ከሆነ በአሳሹ ላይ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ታዩታላችሁ፤ ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት ከፐርሰንት ምልክት ጋር በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ (ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ሥርዓት) ለገጽ ስም የሚመድበው 200 ምልክት ነው፤ ስለዚህ ረዥም የአማርኛ ርዕስ 22 ፊደል ገደማ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። አጀማመራቸው አንድ የሆነ ርዕሶች ተቆርጠው አንድ ዓይነት ሲሆኑ ሥርዓቱ መጨረሻቸው ላይ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይጨምራል። ድረ ገጹን በአዲስ መልክ ስትጭኑ ቁጥሮቹ በሌላ ቅደም ተከተል ከወጡ የዶሮ ወጡ አድራሻ የምስር ወጡን ገጽ ይከፍታል። ስለዚህ የገጽ ስሞችን ከርዕሳቸው እንደገና አታስወጡ፤ ከድሮው ዳታቤዝ እንዳሉ ውሰዱ።

በዚህ ላይ ሞክሼ ፊደሎቻችን አሉ። ለሰው ዓይን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ቃል ናቸው፤ ለሰርቨር ግን ሁለት የማይገናኙ አድራሻዎች ናቸው። አዘጋጁ በቅንነት «አጋጣሚውን ተጠቅሜ የፊደል ግድፈቱን ላርም» ብሎ የገጹን ስም ካስተካከለ ገጹ ከታሪኩ ጋር ይለያያል። ርዕሱን እንደፈለጋችሁ አርሙ፤ የአድራሻውን ፊደል ግን አትንኩ።

ሦስተኛ፦ አዲሱን ቤት በስውር አሰናዱ

ሙሉ ባክአፕ ያዙ፤ ፋይሉንም ዳታቤዙንም። ከዚያ ድረ ገጹን በአዲሱ ዶሜይን ላይ በይለፍ ቃል ዘግታችሁ አዘጋጁ። ቀኑ ሳይደርስ ጉግል ሁለቱንም ክፍት አድርጎ ካገኛቸው የትኛው ዋና እንደሆነ ይምታታበታል።

ቀጥሎ በጽሑፎቹ ውስጥ ያለው የድሮው ዶሜይን ስም በአዲሱ ይተካል፤ የውስጥ ሊንኮች፣ ካኖኒካል ምልክቶች (የገጹ ዋና አድራሻ የትኛው እንደሆነ ለጉግል የሚናገሩት)፣ ሳይትማፑ፣ ብዙ ቋንቋ ካላችሁም የቋንቋ መለያዎቹ። እዚህ ላይ «ፈልገህ ተካ» የሚለውን ትእዛዝ በጭፍን አትስጡ። ትዊተር ወደ ኤክስ ሲሻገር በሚያዝያ 2024 የአይፎን መተግበሪያው «ትዊተር ነጥብ ኮም» የሚለውን ሁሉ ወደ «ኤክስ ነጥብ ኮም» ይቀይር ነበር። በሌላ ቃል መጨረሻ ላይ የተለጠፈውንም ጭምር ስለቀየረ «ኔትፍሊትዊተር ነጥብ ኮም» የተባለ ሌላ ዶሜይን ለተጠቃሚው «ኔትፍሊክስ ነጥብ ኮም» ተብሎ ታየ። ለአጭበርባሪ የተመቸ በር ነበር፤ ወዲያው ነው ያስተካከሉት። ሙሉውን አድራሻ ከነኤችቲቲፒኤሱ ፈልጋችሁ ተኩ። ዎርድፕረስ ላይ ደግሞ በዳታቤዙ ውስጥ ርዝመታቸው አብሮ የተቆጠረ ጽሑፎች ስላሉ ለዚሁ የተሠራውን የዎርድፕረስ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ተጠቀሙ፤ በእጅ ከነካችሁት ቅንብሮች ይበላሻሉ።

ዲዛይን መቀየር፣ ገጾችን መቀነስ፣ ይዘት እንደ አዲስ መጻፍ ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ካደረጋችሁት ደረጃው ሲወርድ ምክንያቱን መለየት አትችሉም።

አራተኛ፦ ሪዳይሬክቱን ጫኑ

የገጾቹ ስም እንዳለ ከቀጠለ ሥራው ቀላል ነው፤ «ወደ ድሮው ዶሜይን የመጣ ማንኛውም ጥያቄ ከዶሜይኑ በኋላ ያለውን መንገድ እንደያዘ ወደ አዲሱ ዶሜይን በ301 ይሂድ» የሚል አንድ ደንብ ይበቃል። ሲፓኔል (የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ) የምትጠቀሙ «ሪዳይሬክትስ» የሚለው ክፍል ውስጥ ቋሚውን 301 መርጣችሁ ዋይልድካርድ የሚለውን ሳጥን ምልክት ታደርጋላችሁ። ሳጥኗ ምልክት ካልተደረገባት የውስጥ ገጾቹ በትክክል አይሻገሩም። ስማቸው የተቀየረ ገጾች ካሉ ከኤክሴሉ እየወሰዳችሁ አንድ በአንድ ጻፏቸው፤ እነዚህ ከጠቅላላው ደንብ በላይ ይቀመጡ።

ምትክ የሌለው ገጽ ካለ ወደ ፊት ገጽ አትላኩት። ጉግል እንዲህ ያለውን «የለም እንደማለት ነው» ብሎ ይቆጥረዋል። የሚቀርበው ገጽ ካለ ወደዚያ፣ ከሌለ በግልጽ 404 («ገጹ የለም») ይበል።

አሳሾች 301ን ያስታውሳሉ። በስህተት የተሠራ ደንብ ስታርሙት እንኳ የአንዳንድ ጎብኚ ስልክ ወደ ስህተቱ መሄዱን ይቀጥላል። እኔ ለጥቂት ሰዓት በ302 ፈትሼ ሁሉም በትክክል ሲደርስ ነው ወደ 301 የምቀይረው።

መንገዱ አጭር ይሁን። ከድሮው ኤችቲቲፒ ወደ ድሮው ኤችቲቲፒኤስ፣ ከዚያ «ደብሊው ደብሊው ደብሊው» ወዳለው፣ ከዚያ ወደ አዲሱ እያለ የሚንከራተት ሰንሰለት ጎብኚውን ያዘገያል፤ ጉግልም የሚከተለው እስከ 10 ዝላይ ብቻ ነው። ከየትኛውም የድሮ አድራሻ በአንድ ዝላይ የመጨረሻው አዲስ ገጽ ላይ አድርሱ።

የድሮው ዶሜይን የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት መታደሱን መቀጠል አለበት። ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው። ሰርተፍኬቱ ካለቀ ጎብኚው ሪዳይሬክቱ ዘንድ ሳይደርስ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል፤ አብዛኛው ሰው ከዚያ ይመለሳል። በድሮው ዶሜይን የሚሠራ ኢሜይል ካላችሁም የኤምኤክስ መዝገቡን (ኢሜይሉ የት እንደሚደርስ የሚወስነውን) አትንኩ፤ ደንበኛም ባንክም የሚጽፈው ወደዚያ ነው።

አምስተኛ፦ የመዛወሪያው ቀን

ገበያ የሚደራበትን ወቅት ሽሹ። የሀበሻ ልብስ ሻጭ ከእንቁጣጣሽ፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ዶሜይን መነካካት የለበትም። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ የዲኤንኤሱን (ዶሜይኑን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘውን መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም የድሮው መረጃ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱ፤ ለውጡ ቶሎ እንዲሰራጭ ይረዳል።

በዕለቱ አዲሱን ክፈቱ፣ ሪዳይሬክቱን አብሩ። ከዚያ የመጀመሪያው ሥራ ለስውር ዝግጅቱ የዘጋችሁትን መክፈት ነው። የይለፍ ቃሉ ይነሳ፤ ዎርድፕረስ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡ የሚጠይቀው ሳጥን ምልክቱ ይጥፋ፤ የሮቦትስ ፋይሉም (የፍለጋ ሞተሮች የት መግባት እንደሚችሉ የሚናገረው) አይከልክል። የድሮውን ዶሜይን በሮቦትስ ፋይል መዝጋትም ስህተት ነው፤ ጉግል ገብቶ ካላየው 301ዱን አያገኘውም።

ከኤክሴላችሁ ብዙ ሰው የሚመጣባቸውን 20 ገጾች፣ አምስት ፎቶዎችና ሁለት ሦስት የአማርኛ አድራሻዎች መርጣችሁ በስልክም በኮምፒውተርም ክፈቷቸው።

ቀጥሎ ሰርች ኮንሶል። የሁለቱም ዶሜይን ባለቤትነት በአንድ የጉግል አካውንት የተረጋገጠ መሆን አለበት። የድሮው የተረጋገጠው ድረ ገጹ ላይ በተቀመጠ ፋይል ከሆነ ሪዳይሬክቱ ሲበራ ማረጋገጫው ሊወድቅ ስለሚችል ሁለቱንም ቀድማችሁ በዲኤንኤስ መዝገብ አረጋግጡ። ከዚያ በድሮው ዶሜይን ቅንብር ውስጥ «የአድራሻ ለውጥ» የሚለውን መሣሪያ ክፈቱ፣ አዲሱን ምረጡ። መሣሪያው ራሱ 301 መኖሩን ይፈትሻል፤ ካለፈ ማሳወቂያው ለ180 ቀን ይቆያል። ይህ ሪዳይሬክቱን አጠናካሪ እንጂ ምትክ አይደለም። የአዲሱን ሳይትማፕ አስገቡ። ለቢንግ (የማይክሮሶፍት የፍለጋ ሞተር) ደግሞ ኢንዴክስናው በሚባለው ዘዴ አዲሶቹን አድራሻዎች ማሳወቅ ትችላላችሁ።

በዚያው ቀን በእጃችሁ ያሉትን ሊንኮች አድሱ፤ የፌስቡክ ገጹ፣ የቴሌግራም ቻናሉ መግለጫ፣ ዩቲዩብ፣ የጉግል ካርታው የንግድ መግለጫ፣ እየተከፈለባቸው ያሉ ማስታወቂያዎች። ብዙ ሰው የሚልኩላችሁ ድረ ገጾች ካሉ ለባለቤቶቻቸው አጭር መልእክት ጻፉ፤ «አድራሻችን ተቀይሯልና ቢያስተካክሉልን» ተብሎ በትሕትና ሲጠየቅ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ስድስተኛ፦ ሳትደናገጡ ተከታተሉ

መካከለኛ መጠን ያለው ድረ ገጽ አብዛኛው ገጹ በጉግል ላይ እስኪዛወር ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ ትልቅ ሲሆን ይረዝማል። በዚህ ጊዜ የድሮውም የአዲሱም አድራሻ ተደባልቆ ይታያል። የድሮውን ስም ብቻ እየጻፋችሁ «አሁንም አለ» ብላችሁ አትጨነቁ፤ ጉግል አንድ ሰው ሆን ብሎ ሲፈልገው ለረዥም ጊዜ ሊያሳየው ይችላል።

የአዲሱን ጎብኚ ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። በየሳምንቱ የሁለቱን ድምር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያዩ። የድሮው እየወረደ አዲሱ በዚያው ልክ ከወጣ ጤናማ ነው። የድሮው ወርዶ አዲሱ ካልወጣ የወረዱት ገጾች የትኞቹ እንደሆኑ ፈልጉ፤ ሪዳይሬክታቸው የተሳሳተ፣ ካኖኒካላቸው አሁንም ድሮውን የሚያመለክት፣ ወይም 404 የሆኑ ናቸው። በድሮው ዶሜይን ዘገባ ላይ «ሪዳይሬክት ያለው ገጽ» የሚለው ቁጥር መጨመሩ ችግር አይደለም፤ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ፈርታችሁ ወደ ድሮው ዶሜይን አትመለሱ። በመሃል መገልበጥ ጉግልን ሥራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል፤ የጠፋውን ገጽ ብቻ ለይታችሁ አርሙ።

ሪዳይሬክቱን ጉግል ቢያንስ ለአንድ ዓመት አቆዩት ይላል። እኔ ድረ ገጹ እስካለ ድረስ አቆዩት እላለሁ። የተለቀቀ ዶሜይንን ለስሙ ታሪክ ሲሉ የሚገዙ የቁማር ነጋዴዎች አሉ፤ የእናንተ ደንበኛ የድሮውን ሊንክ ሲጫን እነሱ ቤት ይገባል።

የሽሮ ሜዳዋን እናት ገጾች ከሰርች ኮንሶልና ከዌይባክ ማሽን እየለቀምን አንድ በአንድ ስናገናኝ ሁለት ቀን ፈጀብን። ደረጃው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ አብዛኛው ተመለሰ፤ ፎቶዎቹ ግን ብዙ ቆዩ። «እማማ፣ የድሮውን ስም እንዳይለቁት» ስላቸው «ልጄ፣ ሱቁ አንድ፣ ኪራዩ ሁለት ሆነ ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አሁን የሁለቱንም ክፍያ በነሐሴ መጨረሻ አብረው ይከፍላሉ፤ ያ የአረንጓዴው ጥልፍ ሊንክም ከፌስቡክ ሲጫኑት ቀሚሱ ላይ ያደርሳል።